ኢንፑቱም አውትፑቱም ያው ፋይል ሲሆን

ሰላም ለሁላችሁም። የሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ልምምዴ ፋይል ማንበብና መጻፍ ላይ ደርሷል። ሰሞኑን የምነካካው ከሌላ ሰው የተረከብኩትን አንድ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሥራው ቀላል ነው። የሙቀት መጠን የተመዘገበበት ፋይል ያነባል፣ ሴልሺየሱን ወደ ፋራናይት ይቀይራል፣ ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋግቶ ሌላ ፋይል ላይ ይጽፋል። የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ስንት መዝገብ እንዳለ ይናገራል። ከዚያ በታች ሰዓትና ዲግሪ በኮማ ተለይተው ይደረደራሉ።

ሁለት የተለያዩ የፋይል ስሞች ሲሰጡት እንከን አይወጣለትም። ያንኑ ፋይል ለሁለቱም ሲሰጡት ግን ነገሩ ግራ ያጋባል። ትንሽ ፋይል ከሆነ በትክክል ይሠራል። ተለቅ ካለ ሴግሜንቴሽን ፎልት (ያልተፈቀደ ሜሞሪ ሲነካ የሚመጣ ውድቀት) ብሎ ቁጭ! ፋይሉን ከፍታችሁ ስታዩት ደግሞ ባዶ ነው። ጂዲቢ የተባለው ስህተት ፈላጊ የጠቆመው ቦታ ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይረው አቶፍ ነው፤ ነል (ወደ ምንም የማይጠቁም አድራሻ) ተቀብሎ ነው የወደቀው። እዚህ ላይ ብቻ ያየ ሰው ጥፋቱን ቁጥር መቀየሪያው ላይ ቢፈልግ አይፈረድበትም።

እውነቱን ያወጣው ፕሮግራሙ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የሚጠይቀውን የሚያሳየው ኤስትሬስ ነው። ፋይሉ ለንባብ ይከፈታል። 4096 ባይት ይነበባል። ያው ፋይል እንደገና ለጽሕፈት ይከፈታል፣ ያውም የነበረውን ይዘት በሚያጠፋው፣ ኦ-ትራንክ በሚባለው ምልክት። ቀጥሎ ያለው ንባብ 0 ይመልሳል። በቃ፣ የሚነበብ ነገር የለም።

ፋይል መክፈቻውን ኤፍኦፕንን በ«ደብልዩ» (ለጽሕፈት) ስንጠራው አንዲት ፊደል ሳንጽፍ፣ ገና ሲከፈት፣ ፋይሉ ባዶ ይሆናል። ታዲያ ትንሹ ፋይል እንዴት ተረፈ? ፕሮግራሙ አውትፑቱን ከመክፈቱ በፊት የመጀመሪያዋን መስመር አንብቧል። እኛ የጠየቅነው አንድ መስመር ነው፤ ላይብረሪው ግን አንድ መስመር ብቻ አያመጣም። በፈሩን (ሜሞሪ ውስጥ ያለውን ጊዜያዊ ማቆያ) እስኪሞላ ይስባል፤ እኔ ማሽን ላይ በፈሩ 4096 ባይት ነው። ፋይሉ ከዚያ ካነሰ ሙሉው ሜሞሪ ውስጥ ገብቷል። ዲስኩ ላይ ያለው ቢጠፋም ፕሮግራሙ ጉዳዩ አይደለም። ከዚያ ከበለጠ ግን ትርፉ ደብዛው ይጠፋል።

ክራሹ ራሱ የመጣው ዞሮ ዞሮ ነው። ሉፑ የሚሽከረከረው የመጀመሪያዋ መስመር በነገረችው ቁጥር ልክ ስለሆነ፣ ፋይሉ ማለቁን አያውቅም። መስመር አንባቢው ኤፍጌትስ ነል ሲመልስ ማንም አያየውም። የመስመሩ ማስቀመጫ ደግሞ አይጸዳም፤ የድሮው መስመር እዚያው አለ። ኮማው ግን በቀደመው ዙር መስመሩን በሚቆራርጠው ስትርቶክ ወደ ዜሮ ባይት ተቀይሯል። ስለዚህ ስትርቶክ ሰዓቱን ያገኛል፤ ዲግሪውን ሲጠየቅ ነል ይሰጣል፤ አቶፍም እሱን ሊያነብ ሲል ይወድቃል። የተቀየሩት ቁጥሮች ገና አውትፑት በፈር ውስጥ ነበሩ፤ ወደ ዲስክ ሳይወርዱ አብረው ጠፉ። ፋይሉ 0 ባይት ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው። ከአሁን በኋላ የመሞከሪያ ፋይሎቼ ሁሉ ከበፈሩ የሚበልጡ ናቸው። አሥር መስመር ላይ የሚሠራ ፋይል አንባቢ ምንም አላረጋገጠም።

ወደ መፍትሔው ልግባ። ሁለቱን ስሞች ፊደል በፊደል በሚያየው ስትርኮምፕ ማወዳደር መጀመሪያ የሚመጣ ሐሳብ ነው፤ ግን አይበቃም። ያው ፋይል ነጥብና ስላሽ ከፊቱ ሲጨመርበት ሌላ ስም ይመስላል። ሲምሊንክም (ወደ ሌላ ስም የሚመራ ፋይል) ሃርድ ሊንክም (ለአንድ ፋይል ሌላ ስም) አለ። ትክክለኛው መንገድ ሁለቱንም የፋይል መረጃ በሚሰጠው ስታት ጠይቆ የዲቫይስ ቁጥርና የአይኖድ ቁጥር (የፋይሉን መለያ) ማወዳደር ነው። ሁለቱም ከገጠሙ ፋይሉ አንድ ነው። ፓይተን የምትጽፉ ሰዎች ሴምፋይል የሚባል ፈንክሽን ተዘጋጅቶላችኋል። ታዲያ ፍተሻው ከኤፍኦፕን በፊት ይሁን። በኋላ ከሆነ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ይህ ፍተሻ የማይደርስበት ቦታም አለ። አንድ ሰው ተርሚናል ላይ መስመሮችን በቅደም ተከተል የሚደረድረውን የሶርትን ውጤት በቀስት ምልክት (>) ወደዚያው ፋይል ቢልክ፣ ፋይሉን ባዶ የሚያደርገው ሼሉ (ትዕዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም) ነው፤ ሶርት ገና ሥራ አልጀመረም። ሶርት የራሱ የ«ኦ» አማራጭ ያለው በከንቱ አይደለም። በሱ ከተጠቀምን ኢንፑቱን አንብቦ ሳይጨርስ አውትፑቱን ስለማይነካ፣ ያንኑ ፋይል ብንሰጠው ችግር የለም።

እኔ በመጨረሻ የመረጥኩት መከልከልን ሳይሆን መፍቀድን ነው። ፕሮግራሙ አሁን ጊዜያዊ ፋይል ከፍቶ እዚያ ይጽፋል። ፋይሉን የሚዘጋው ኤፍክሎዝ ስህተት አለመመለሱን ያያል። ከዚያ ስም በሚቀይረው ሪኔም ዋናውን ስም ይሰጠዋል። ሊነክስና መሰሎቹ ላይ ሪኔም ለሌሎች ፕሮግራሞች በአንድ ቅጽበት የሚፈጸም ነው፤ ያንን ስም የሚከፍት ወይ አሮጌውን ሙሉ ያገኛል፣ ወይ አዲሱን ሙሉ። መሃል ላይ ክራሽ ቢያደርግም ዋናው ፋይል አይነካም። ጊዜያዊው ፋይል ግን አውትፑቱ ያለበት ፎልደር ውስጥ መፈጠር አለበት። የጊዜያዊ ፋይሎች ፎልደር በሆነው ቲኤምፒ ውስጥ ካደረጋችሁት ሌላ ፋይል ሲስተም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሪኔም ኤክስዴቭ ብሎ እምቢ ይላል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የሲው ሪኔም ስሙ ቀድሞ ካለ አይሠራም፤ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

አዲሱ አሠራር የራሱ ጣጣ አለው። የጊዜያዊ ፋይል ፈጣሪው ኤምኬስቴምፕ የሚፈጥረው ፋይል ፈቃዱ 0600 (ለባለቤቱ ብቻ) ነው፤ ስለዚህ የአሮጌውን ፈቃድ በኤፍሲኤችሞድ እቀዳለሁ። የተሰጠው ስም ሲምሊንክ ከሆነ ሪኔም ሊንኩን ራሱን ይተካዋል፤ እሱን ቀድሜ በሪልፓዝ ወደ እውነተኛው ስም እፈታዋለሁ። የሃርድ ሊንኩን ግን አልፈታሁትም፤ ከሪኔም በኋላ ሌላኛው ስም አሮጌውን ይዘት ይዞ ይቀራል። ለጊዜው የሊንኩ ቁጥር (የፋይሉ ስሞች ብዛት) ከ1 ከበለጠ ፕሮግራሙ ተናግሮ ይቆማል።