ባዶው ኮንቴይነር የማን ነበር?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ ከለገሃር ብዙ በማይርቅ ቢሮ፣ ሰባት ሆነን የትራንዚት ሥራ እንሠራለን። ዕቃው ከጅቡቲ ይመጣል፣ ጉምሩኩ ያልቃል፣ ደንበኛው መጋዘን ይራገፋል፣ ባዶው ኮንቴይነር ደግሞ በተሰጠው ቀን ተመላሽ ይሆናል። ጉድ የሠራችን ይህች የመጨረሻዋ ናት። ቀኑ ካለፈ ቅጣቱ በየቀኑ፣ ያውም በዶላር ይቆጠራል።

ያኔ ሥራችን ሁሉ የሚያልፈው በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ነበር። አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ ከተማው በሙቀቱ ጋብ ባለበት ሰዓት፣ «የዱቄት ፋብሪካው ዕቃ ተራግፏል፤ ባዶው ነገ ይመለስ» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ባልደረቦቼ አውራ ጣት አደረጉበት። እኔም ነገሩ ሰው ያዘው ብዬ ተውኩት። በላዩ ላይ የዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) ፎቶ፣ የሾፌር ስልክ ቁጥር፣ የበዓል መልካም ምኞት ተደራረበ። በ19ኛው ቀን ደንበኛው ደውሎ «ኧረ አቦ፣ ይሄ ኮንቴይነር ግቢዬን ዘጋው እኮ!» አለኝ። ሦስቱም ምልክቱን ያደረጉት ማየታቸውን ለማሳወቅ ነበር። «እኔ እወስደዋለሁ» ያለ የለም፤ እኔም የማንንም ስም አልጠራሁም። ቅጣቱን ቢሮው ከፈለ። ደንበኛው ግን ሌላ ሥራ አልሰጠንም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሥራ አስኪያጃችን ሁላችንም ሥራ የምንከታተልበት አንድ ሲስተም እንድመርጥ አዘዙኝ። መጀመሪያ የመረጥኩት ጂራ የተባለውን የሥራ መከታተያ ፕሮግራም ነው። እስከ 10 ሰው በነፃ ያሠራል። ቢሯችን ለውጭ ክፍያ የሚሆን የዶላር ካርድ ስለሌለው ነፃ መሆኑ ትልቅ ጥቅም ነበር። ችግሩ፣ ጂራ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ የታሰበው ለሶፍትዌር ሠሪዎች ነው። እኔም ኃይለኛነቱን ወድጄ ለአንድ ኮንቴይነር 11 ደረጃ አበጀሁለት። ሁለት ሳምንት ለፋሁበት። በሦስተኛው ሳምንት የሚሞላው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ደረቅ ወደብ የሚውሉት አንጋፋ ባልደረባችን ናቸው ዓይኔን የገለጡልኝ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ፀሐይ ላይ ቆመው፣ በአንድ እጃቸው ሰነድ ይዘው፣ በሌላው ስልክ ይነካካሉ። «ልጄ፣ ኮንቴይነሩ ወጣ ለማለት አሥራ አንድ በር ነው የምታስከፍተኝ» አሉ። «እኔ ማወቅ የምፈልገው ማን እንደያዘውና እስከ መቼ እንደሆነ ነው።» ለካ ቢሮ ተቀምጬ፣ ቬንቲሌተር ሥር ሆኜ፣ ለራሴ ነበር የመረጥኩት።

ከዚያ በኋላ ሙከራው የሚካሄደው በእሳቸው ስልክ ሆነ። ጉግል ሺት የሚባለው የኢንተርኔት ሰንጠረዥ ኮምፒውተር ላይ ሸጋ ነው፤ በትንሽ ስልክ ላይ ግን ረድፉን ሲፈልጉ ሌላ ሰው የጻፈውን ነክተው አጠፉ። ትሬሎ የተባለውን፣ ሥራ በካርድና በዓምድ የሚያሳይ መተግበሪያ ስሰጣቸው ካርዱን በጣታቸው ጎትተው ወደሚቀጥለው ዓምድ አሳለፉት። ማስረዳት እንኳ አላስፈለገኝም። አሠራሩ የካንባን ነው፤ ቃሉ በጃፓንኛ የምልክት ሰሌዳ ማለት ሲሆን ቶዮታ ፋብሪካው ውስጥ በካርድ ሥራ ሲያቀባብል ያሳደገው ዘዴ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩ ላይ የተሠራው ይቆይና ሲመለስ ይተላለፋል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ዓምዶቹን አራት አደረግናቸው፦ የደረሰ፣ ጉምሩክ ላይ ያለ፣ የተራገፈ፣ ባዶው የተመለሰ። ካርዱ አራተኛው ዓምድ ካልገባ ሥራው አላለቀም። ትሬሎ በአንድ ካርድ ላይ ብዙ ሰው ማስገባት ይፈቅዳል፤ እኛ ግን አንድ ካርድ አንድ ስም ብለን ተስማማን። በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ግትር ነኝ። «ሁለታችንም እንከታተለዋለን» የሚለኝን ሰው አንዱን ስም እስኪመርጥ ድረስ አልለቀውም።

ያላሰብነው ችግር ከቀን መቁጠሪያው መጣ። የሒሳብ ሠራተኛችን ጥቅምት 5 ለማለት 5/2 ብላ አስገባች፤ ሲስተሙ ፌብሩዋሪ 5 ብሎ ተቀበላት። ቀኑ ገና ነው ብሎም ዝም አለ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት እንዲያስታውሰው የሞላው ልጅ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተቀሰቀሰ። ስለዚህ የኢትዮጵያን ቀን በወሩ ስም ካርዱ ርዕስ ላይ እንጽፋለን፣ የፈረንጁን ደግሞ በቀን ቦታው እንሞላለን። ልዩነቱን በቃል መያዝም አያስተማምንም። የ2015 ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበረች የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ፤ በቃላችን የያዝነው ሁሉ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ በአንድ ቀን ተዛነፈ። የ2019 ጳጉሜም 6 ናት፤ ይህን የሚያስታውስ ካርድ ከአሁኑ ከፍቻለሁ፣ ስሜም አለበት።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሙቀቱ ሳይከር፣ ጋሼ ወደ ደረቅ ወደብ ከመሄዳቸው በፊት በስልካቸው ዓምዶቹን አንድ በአንድ ያያሉ። ስም የሌለው ካርድ ካገኙ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ይሄ የማን ነው?» ይላሉ፤ አንዳችን «የኔ ነው ጋሼ» እስክንል ድረስ አይሄዱም።