ጀርባ ደጋፊውን ለብሼ ዋልኩ
ዛሬ ሥራ ቦታ የሚለበስ የጀርባ ደጋፊ ስንሞክር ዋልን። ኤክሶስኬሌተን ይሉታል። የኛው ሞተር የለው፣ ባትሪ የለው። ስታጎነብስ ስፕሪንጉ ይወጠራል፤ ቀና ስትል የያዘውን ጉልበት ይመልስልሃል። ከወገብህ ላይ ያነሳውን ጫና ግን የትም አይጥለውም፤ ደረትህና ጭንህ ላይ ያሳርፈዋል።

የመጀመሪያዎቹን ካርቶኖች ሳነሳ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ አለኝ። አንድ ሰው ከኋላ ቀበቶዬን ይዞ ቀና የሚያደርገኝ ነው የመሰለኝ። ችግሩ የመጣው ስራመድ ነው። ጭኔ ላይ ያለው ፓድ በየእርምጃው ይገፋኛል። ደረጃ ላይማ ተዉት! ቁጭ ልበል ስል ደግሞ እሱ እምቢ።

የጡንቻ መለኪያው፣ ኢኤምጂው፣ የወገብ ጡንቻዬ ሥራ መቀነሱን አሳየ። ድካሜን ከ0 እስከ 10 በቦርግ መለኪያ ስጠየቅ ለወገቤ 3፣ ለደረቴ 6 ሰጠሁ። ማሽኑ የሚያየው የወገብ ጡንቻን ነው፤ ማሰሪያው የፋቀውን ብብቴን የት ያየዋል?

አብሮኝ የሞከረው ባልደረባዬ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲያነሳ የሚውል ሰው ነው። አውልቆ እያስቀመጠ «ጥሩ ነው። ግን መጀመሪያ ካርቶኑን ከመሬት ወደ ጠረጴዛ ከፍ አድርጉልኝ» አለ። የሙከራው መጠይቅ ቅጽ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም። ጠርዙ ላይ ጻፍኩት።