ውጤቱ ሳይወጣ፣ እንኳን አደረሳችሁ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ! ዘመነ ማርቆስ የጤናና የሰላም ይሁንልን። መውሊድም ገና በቅርቡ ስለነበር፣ በስልክ ያላገኘኋችሁ ሙስሊም ወዳጆቼ ሁለቱን ባንድ ላይ ተቀበሉኝ። ባጋ ኢሲን ገሄ!

ጅማ ነኝ። ዝናቡ ገና አልወጣም። የአዲስ አበባ ሰዎች ሰማዩ ጠራ ስትሉ እኛ ዶሮ የምንገዛው ጃንጥላ ይዘን ነው። አደይ አበባው ግን ሰዓቱን አያዛንፍም። ትናንት ከጅማው መርካቶ የመጣሁት አበባና እርጥብ ቄጠማ በጫነ ባጃጅ ውስጥ ተጣብቄ ነው። ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ስለ ህዳሴ ግድብ ይሰማል። ጳጉሜን 4 ከተመረቀ ወዲህ ከተማው ሌላ ወሬ የለውም። እኔ ስልክ ላይ ግን ሌላ ወሬ አለ። «ቲቸር፣ መቼ ነው የሚለቀቀው?» ይላሉ። ውሃው አይደለም። የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው።

ለማታውቁኝ፦ እዚሁ ጅማ፣ በአንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ስሙን አልጠራውም፤ የበዓል መልእክት ብዬ ጀምሬ የምዝገባ ማስታወቂያ እንዳይሆንብኝ። የዘንድሮው መልእክቴ በተለይ ተፈትነው ውጤት ለሚጠብቁት ነው። ዶሮው ተሠርቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ «እና ዩኒቨርሲቲ የት ደረሰህ?» ለሚባሉት። ዘመዶች፣ እባካችሁ። ውጤቱ አልወጣም። ልጁ በሰላም ዶሮውን ይብላበት።

እነዚህ ልጆች የተለየ ጉድ ያዩ ናቸው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ 5ኛ ክፍል ነበሩ። ያኔ ከተማው ሲጨፍር ያደረ ሰው ያስታውሰዋል። 7ኛ ክፍል ሲደርሱ ኮሮና መጣና በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሳሉ ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀየረ። መጽሐፉ በእጅ እስኪደርስ ፒዲኤፉን በቴሌግራም እየተቀባበሉ፣ በተሰነጠቀ የስልክ ስክሪን ላይ ነው የሞል ስሌት የሠሩት። አንድ ስልክ ለሦስት ሆነው፣ አንዱ ገጽ ሲገፋ ሌላው «ቆይ፣ አልጨረስኩም» እያለ።

ፈተናውስ? ድሮ ለተፈተናችሁት ልንገራችሁ። ኩረጃና ስርቆት ስላስቸገረ ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ተማሪው ግቢ ይገባል፣ እዚያው ያድራል፣ እዚያው ይፈተናል። አሁን ስድስት ትምህርት ነው፣ ከ600። ማለፊያው 300። በመላ አገሪቱ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበር። እነዚህን ቁጥሮች ይዞ ከፈተናው በፊት ክፍል ውስጥ ተፈታኝ ፊት መቆም ምን እንደሚመስል መምህር ያውቀዋል።

የእኛ ልጆች ቤታቸው ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የባጃጅ መንገድ ነው። ሆኖም ብርድ ልብስና ትራስ ተሸክመው፣ አገር ጥሎ እንደሚሄድ ሰው ተሰናብተው ነው የሚገቡት። ስልክ ክልክል ስለሆነ በር ላይ እናቶች የልጆቻቸውን ስልክ ይዘው ይቀራሉ። አንዲት እናት አየሁ። የልጃቸውን ስልክ በሻርፓቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። ስልኩ ግን አላርፍ አለ፤ ጢን፣ ጢን፣ ጢን። «መምህር፣ እስቲ ይህ ነገር ምን ይላል?» ብለው ሰጡኝ። ስልካቸውን ገና ያላስረከቡ የልጅቷ ጓደኞች ናቸው። «ገባሽ? ዶርም የት ደረሰሽ?» ይላል። እናትየው ጥያቄው ለራሳቸው የመጣ ያህል ቆጠብ ብለው አሰቡና፣ «ገብታለች፣ ደህና ናት፣ ቁርስ በልታለች በላቸው» አሉኝ። እንዳሉት ጻፍኩ። ልብ ተላከልን።

ውጤት ሲወጣ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሳምንት ሳይሞላ ከተማው ውስጥ ባነር በባነር ይሆናል። ሱፍ የለበሱ ልጆች ፎቶ፣ ከሥሩ አምስት መቶ ምናምን፣ ከላይ በትልቁ «እንኳን ደስ አላችሁ»፣ ከታች ደግሞ «ምዝገባ ላይ ነን»። ባነር አልጠላም። ልጆቹ ለፍተውበታል። ወላጆቻቸው ሥሩ ቆመው ፎቶ ቢነሱ ሲያንሳቸው ነው። ግን አንድ ባነር ቢበዛ ስምንት ዘጠኝ ፊት ነው የሚይዘው፤ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ደግሞ ከዚያ በጣም እንበልጣለን። አንዳንድ ቦታማ ባነሩ እንዳይበላሽ ሲባል ደከም ያለውን ልጅ 12ኛ ሊገባ ሲል «ሌላ ትምህርት ቤት ፈልግ» ማለት ተለምዷል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። የሦስት ዓመት ክፍያ ሲቀበሉት ጎበዝ ነበር እንዴ?

ባነር ላይ የማይወጡትን ላሳያችሁ። 9ኛ ክፍል እንግባ።

ጅማ ውስጥ 9ኛ ክፍል የሚገቡ ልጆች ከየአቅጣጫው ነው የሚመጡት። ገሚሱ እስከ 8ኛ በአፋን ኦሮሞ የተማረ ነው፣ ገሚሱ በአማርኛ። ከታች ጀምሮ የግል ትምህርት ቤት የቆየው ደግሞ እንግሊዝኛውን ለምዶታል። 9ኛ ላይ ሒሳቡም፣ ታሪኩም፣ የእኔው ኬሚስትሪም እንግሊዝኛ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ በአማርኛ አብራራለሁ፤ ከኋላ ወንበር ሹክሹክታ ይሰማል። አንዱ ለሌላው በአፋን ኦሮሞ እየደገመለት ነው። ሌላ መምህር «ጸጥታ!» ይል ይሆናል። እኔ ያንን ሹክሹክታ ካስቆምኩ ግማሹ ክፍል ይጠፋብኛል።

አምና ዲፊውዥን እያስተማርኩ ነው። ቅንጣቶች ብዙ ከሆኑበት ወደ ጥቂት ወደሆኑበት ይሰራጫሉ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ሰሌዳውን በነጥብ ሞልቼዋለሁ። የልጆቹ ፊት ላይ ግን ምንም የለም። በዚህ መሐል ሻይ ቤት ያሉት እትዬ ቡና መቁላት ጀመሩ። ጭሱ በር አጠገብ ያሉት ጋ ደረሰና አንዱ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ። «የሸተተው እጁን ያውጣ» አልኩ። በር አጠገብ ያሉት አወጡ። ቆየት ብሎ መሐል ያሉት። ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አስግገው መጠበቅ ጀመሩ፤ እውነትም እንደ ተራ እየደረሳቸው እጅ ማውጣት ቀጠሉ። ያኔ መሐል የተቀመጠች አንዲት ልጅ ዞር ብላ፣ እኔ በሰሌዳ ሙሉ ነጥብ ያልተሳካልኝን ነገር ለኋላዎቹ በአፋን ኦሮሞ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችላቸው። ወዲያው ከኋላ ጥያቄ መጣ፦ «ቲቸር፣ ቡናው ባይሞቅስ ሽታው እንዲህ ይፈጥን ነበር?» የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ነበር። በቃ፣ ያንኑ ዕለት ቀጠልነው።

ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ስታስተረጉም ከረመች። የራሷ ውጤት መካከለኛ ነው። ስንት ልጅ በእሷ በኩል ኬሚስትሪ እንደገባው ካርዷ ላይ አይጻፍም። «ጠባይ፦ ኤ» ተብሎ ያልፋል። ዓመቱን ዝም ብሎ የጨረሰ ሁሉ የሚያገኘው ኤ።

አምና ሌላም ነገር ነበር። የሁዳዴ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22። ወሩን ሙሉ ግቢው በሙሉ ጾመኛ ሆነ። እትዬ ሻይ ቤት ጭር አለ፤ ኳስ ሜዳውም። የ12ኛዎቹ የከሰዓት ቱቶሪያል እንቅልፍ በእንቅልፍ ሲሆን ወደ ጧት ይዙርልን ያሉት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ባንድ ላይ ፈርመው። አርብ ከ5:30 እስከ 7:30 የጁምዓ ሰዓት ስለሆነ ፕሮግራሙን ማጠፍ ለርዕሰ መምህራችን ራስ ምታት ነበር፤ ልጆቹ ከእሱ ቀድመው ሠርተውት ነው የመጡት። ክርክራቸው ግን አያልቅም። «እናንተ ቀን ትበላላችሁ፣ ይህ ምን ጾም ነው?» ይላል አንዱ። «እናንተ ማታ ሥጋ ትበላላችሁ፣ እኛ ሁለት ወር ገደማ የለንም» ይላል ሌላው። አሸናፊ ሳይኖር ደወል ይደወላል።

ስለ ክፍያ ጭማሪና በየጊዜው ስለሚቀየር የዩኒፎርም ቀለም የምትሉትን አውቃለሁ፤ በየወላጅ ስብሰባው ሰምቼዋለሁ፣ እውነታችሁን ነው። እኛም የራሳችን አለን። ሰኔ ላይ «መልካም ክረምት» ብለው ደሞዝ አቁመው፣ መስከረም ላይ «እንኳን ደህና መጣህ» የሚሉ አሉ። ሐምሌና ነሐሴ መምህር አይበላም መሰላቸው። በበዓል ቀን ይህን አላራዝመውም።

ከዚህ ይልቅ ስለ ሸሚዙ ልንገራችሁ። 12ኛዎቹ ሊሰናበቱ ሲሉ ከለር ዴይ ያደርጋሉ። ቀለም ይረጫጫሉ፣ ውሃ ይደፋፋሉ፣ ጥበቃው ጋሼ ቧንቧውን ለማዳን ይሯሯጣሉ። እኔ በግሌ ረብሻውን አልወደውም፤ እናት ናት የምታጥበው። ከቀለሙ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። በነጭ ሸሚዛቸው ላይ በእስክሪብቶ ይፈራረማሉ። አንዱ ጀርባውን ይሰጣል፣ ሌላው ይጽፍበታል። አምና አንድ ተማሪዬ ሸሚዙን አሳየኝ። በትከሻው ላይ አማርኛ፣ በደረቱ ላይ ቁቤ፣ በኪሱ ላይ እንግሊዝኛ፣ እጅጌው ላይ ደግሞ የእትዬ ፊርማ። ከሻይ ቤት ሳይቀር አስፈርሟል። ተማሪ በተማሪ ስሙን ፈለግኩ፤ ባነር ላይ የሚወጣውም የማይወጣውም አለበት። ክፍሉ በሙሉ እዚያ ሸሚዝ ላይ ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ለእናንተ ያለኝ ቃል አጭር ነው። ውጤቱ ሰሞኑን ይለቀቃል። ያን ቀን ኔትወርኩ ይጨናነቃል፣ ውጤት የሚታይበት የቴሌግራም ቦት አይከፍትም፣ «እየጠበቃችሁ ነው» ይላችኋል። አትደንግጡ። የመፈተኛ ቁጥራችሁንም ለማንም አትላኩ፤ «ቀድሜ አይልሃለሁ» የሚል ሁሉ ወዳጅ አይደለም።

ከ300 በላይ ያመጣችሁ፣ መምጣታችሁ አይቀርም። እናንተ አታሳስቡኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ያልሆነላቸው ናቸው። በየዓመቱ አየዋለሁ። አራት ዓመት በየጧቱ «እንደምን አደርክ ቲቸር» ያለኝ ልጅ ድምፁ ይጠፋል። መንገድ ይቀይራል። ትራንስክሪፕቱን እንኳን ታናሽ ወንድሙን ልኮ ነው የሚያስወጣው። ታናሹ በመስኮቱ በኩል ወረቀቱን ሲቀበል ፊቱን አየዋለሁና ለወንድሙ ምን እንደምልክለት ግራ ይገባኛል።

ራሳችሁ ኑ። ሪሚዲያል የሚባል፣ ማለፊያውን ላላገኙ የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት አለ፤ ስንት ነጥብ እንደሚያስገባ ትምህርት ሚኒስቴር ሲያሳውቅ ቁጭ ብለን እናየዋለን። በግል ድጋሚ መፈተን የምትፈልጉ ካላችሁ የትኛው ትምህርት እንደጎተታችሁ አብረን እንለይ፤ ብዙ ጊዜ ሁሉም አይደለም፣ አንድ ወይ ሁለት ነው። ቴክኒክና ሙያ የሚሻላችሁም አላችሁ፤ እጃችሁን በቤተ ሙከራ አይቻለሁና በጭፍን አይደለም የምናገረው። ቡና ንግድ ውስጥ ከአባታችሁ ጋር መግባት የምትፈልጉም ብትሆኑ ኑና ንገሩኝ፤ ጥቅምት ላይ መልቀም ሲጀመር የሚጠፋ ተማሪ ማን እንደሆነ ድሮም አውቃለሁ።

እኔ ከሰኞ ጀምሮ ግቢ ውስጥ ነኝ፣ ቤተ ሙከራው ክፍት ነው። እትዬም «ውጤት አልጠይቅም፣ ቡና ግን አፈላለሁ» ብለዋል። ከ300 በላይም ሆነ በታች ዋጋው ያው ነው፤ በዱቤም ይሆናል፣ የአምናውን ዱቤ የከፈለ ከሆነ።

ለቀራችሁት ወዳጆቼ አንድ ልመና አለኝ። ቤታችሁ ውስጥ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል አጋዥ መጽሐፍ፣ ያገለገለ ታብሌት ወይም ስክሪኑ ያልተሰነጠቀ ስልክ ካለ፣ ጅማ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ በሚመጣ ሰው ላኩልኝ። መስከረም ውስጥ ቢደርስ ለአዲሶቹ ዘጠነኛዎች ይሆናል።

ሽንኩርት እንድልጥ ከጓዳ እየተጠራሁ ነው፣ ለሦስተኛ ጊዜ። መልካም አዲስ ዓመት!