ስታርሊንግን ጥፋተኛ ማለት ይከብደኛል

ሰሞኑን መስኮቴ ስር ያለው ሳር ላይ ስታርሊንግ የሚባሉት ወፎች ሲለቅሙ ቁጭ ብዬ ሳይ ነበር። ከሩቅ ጥቁር ይመስላል እንጂ ፀሀይ ሲያርፍበት ላባው አረንጓዴና ሐምራዊ ያብለጨልጫል። አለቃቀሙ ደግሞ! ማንቁሩን እንደተዘጋ ሳሩ ውስጥ ይሰካና እዛው መሬት ውስጥ እያለ ይከፍተዋል፣ አፈሩ ፈልቀቅ ሲል ትሏን ያያታል፣ ላፍ ያደርጋታል፣ ከዛ ሁለት እርምጃ ሄዶ እንደገና ይሰካል።

ይሄ ወፍ እዚህ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ መጤ ነው እኮ። እ.ኤ.አ. በ1890 ዩጂን ሺፈሊን የሚባል ሰው ከአውሮፓ ያስመጣቸውን 60 ገደማ ወፎች ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ለቀቀ፣ በዓመቱ ደግሞ 40 ገደማ ጨመረበት። በዛን ጊዜ የአውሮፓን ወፍ ወስዶ ሌላ አህጉር ላይ ማላመድ እንደ ጥሩ ስራ ነበር የሚታየው፣ የቤት ድንቢጥም በ1850ዎቹ ብሩክሊን ላይ የተለቀቀችው እንዲሁ ሆን ተብሎ ነው። ስታርሊንጎቹ በ1940ዎቹ ካሊፎርኒያ ደረሱ፣ ዛሬ አላስካም ሜክሲኮም አሉ፣ ቁጥራቸው በአስር ሚሊዮኖች ሆኗል። ሰው ያለበት ይመቻቸዋል፣ እርሻው፣ የታጨደው ሳር፣ የጣራ ስር ቀዳዳው፣ ምግብ ላይም አይመርጡም።

እኔን የሚያሳዝነኝ ብሉበርድ የምትባለው የአገሬው ወፍ ነገር ነው። ራሷ እንጨት መቦርቦር አትችልም፣ ግንደ ቆርቁር ትቶት የሄደውን ቀዳዳ ጠብቃ ነው እንቁላል የምትጥለው፣ ስታርሊንግ ደግሞ ያንኑ ቀዳዳ ስለሚፈልግ መጥቶ ያስለቅቃታል። ግንደ ቆርቁሩ ራሱ ስንት ቀን ለፍቶ የቦረቦረውን የሚነጠቅበት ጊዜ አለ! ደግነቱ ሰዎች ዘዴ አግኝተዋል፣ የእንጨት ሳጥን ሰርተው ይሰቅሉላታል፣ የቀዳዳው ስፋት 3.8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እሷ ትገባለች እሱ አይገባም።

ግን ወፉን መጥላት አልቻልኩም፣ ማን ጠይቆት መጣ? በመርከብ ጭነው አምጥተው የለቀቁት ሰዎች ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ እኮ ቁጥሩ በጣም ቀንሶ ስጋት ውስጥ ካሉ ወፎች ጋር ቀይ መዝገብ ገብቷል፣ እዛ እየጠፋ ነው ተብሎ የሚታዘንለት ወፍ እዚህ በዛ ተብሎ ይረገማል።

ዛሬ ጠዋት አንዱ ደረቅ ሳር በማንቁሩ ይዞ ጣራው ስር ሲገባ አየሁትና ዝም አልኩት። ለብሉበርዷ ግን ሳጥን እየሰራሁላት ነው፣ እንጨቱን ቆርጫለሁ፣ ቀዳዳውን ከመብሳቴ በፊት ሶስቴ ለካሁት።