መጋዘን ከመሥራታችሁ በፊት የሚዛን ዳር ገንዘብ ያዙ

ፎገራ ላይ የአትክልት ማሰባሰቢያና ማከፋፈያ ማዕከል በኅብረት ሥራ ስናቋቁም አስቀድሞ ያስጠነቀቀን ሰው አልነበረም። ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ሥራ የጀመራችሁ ካላችሁ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። በመስኖ ሽንኩርት የሚያመርቱ መሠረታዊ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ምርታቸውን ወረታ አጠገብ ያመጣሉ፤ ተለይቶና ተመዝኖ ባሕር ዳር ወደሚገኙ የሸማቾች ማኅበራትና ብዙ ሰው ወደሚመግቡ ተቋማት በቀጥታ ይጫናል። መተዳደሪያ ደንብ አጸደቅን፤ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ተመዘገብን፤ ሚዛን ገዛን። ይህ ሁሉ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ያንገበገበን የሚዛን ዳር ገንዘብ፣ ማለትም ገበሬው ምርቱን እንዳስመዘነ የሚከፈለው ገንዘብ ጉዳይ ነው።

ገበሬ ሽንኩርቱን ባወረደበት ቀን ገንዘቡን ይፈልጋል፤ መብቱም ነው። የቀን ሠራተኛ ይጠብቀዋል፤ የውኃ መሳቢያ ሞተሩን ነዳጅ በዱቤ ወስዷል። ደላላው ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ገና ምርቱ ሳይነሣ ቀብድ ይዞ ማሳ ድረስ ይመጣል። እኛ ደግሞ ከአንድ ትልቅ የመንግሥት ተቋም ጋር ከርክክብ በኋላ እንዲከፈለን ተዋውለን ነበር። ሰነዱ ከንብረት ክፍል ወደ ግዥ፣ ከግዥ ወደ ፋይናንስ ዞረ። ፈራሚው ስብሰባ ገባ፤ ከስብሰባ ሲወጣ መስክ ወጣ። በዚህ መሐል ሰኔ 30 ደረሰ። «በጀት ተዘግቷል፤ በአዲሱ በጀት ዓመት ኑ» ተባልን። ሽንኩርቱ ተበልቶ ካለቀ በኋላ! ይህን ሲነግሩን ከወንበራቸው እንኳ ቀና አላሉም፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ብድር ፍለጋ ወደ ባንክ ሄድን። የከተማ ቤት ካርታ ካላመጣችሁ አሉን። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የግብርና ምርትና የቤት እንስሳት ጭምር ለብድር ዋስትና እንዲሆኑ ይፈቅዳል። አዋጁን አሳትሜ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁት። ሳይገልጠው «መመሪያ አልወረደልንም» ብሎ መለሰልኝ።

አባላት ወደ ደላላው ተመለሱ። አልወቅሳቸውም። አንድ አባት «ልጄ፣ እናንተ ወረቀት ታሳዩኛላችሁ፤ እሱ ብር ይቆጥርልኛል» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ።

ባለሙያዎች ሲያሠለጥኑ መጀመሪያ መጋዘን፣ ቀጥሎ አባላት ማብዛት፣ ከዚያ ገበያ ይላሉ። እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። አባላት ከሚገዙት ዕጣ (አክሲዮን) የሁለት ሦስት ጭነት ክፍያ የሚችል ገንዘብ ሳይጠራቀም አንድ ብሎኬት አትግዙ። ዘግይቶ ከሚከፍል ትልቅ ገዢ ይልቅ ዋጋው ትንሽ ዝቅ ቢልም ሲራገፍ የሚከፍል የሸማቾች ማኅበር ይሻላል። የመንግሥት ተቋም ከሆነ ደግሞ ቅድመ ክፍያ ውሉ ላይ ካልተጻፈ አትፈርሙ።

መጋዘኑ ላይ ስትደርሱም ከመንግሥት ቢሮ የሚላክላችሁን ንድፍ መርምሩ። ለእኛ የመጣው ሁሉንም አትክልት በአንድ ክፍል የሚያስቀምጥ ነበር። ሽንኩርት ነፋስ ይፈልጋል፤ አንገቱ ሳይደርቅ ከተከመረ ይበሰብሳል። ድንች ጨለማ ይፈልጋል፤ ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ሆኖ ይመርራል። ለቲማቲም ሣጥን እንጂ ጆንያ አይሆንም። ንድፉን ለውጠን በመሥራታችን ከቢሮው ጋር ተቀያየምን፤ ክፍሎቹን ግን ለየናቸው።

አሁን የሸማቾች ማኅበራቱ ግማሹን ሲጫን፣ ቀሪውን ሲራገፍ ይከፍሉናል፤ ገበሬው በዚያው ቀን ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል። ደላላውም አልጠፋም፤ ነገር ግን አባሎቻችን ዋጋውን ሰምተው ከእኛ ሚዛን ጋር ስለሚያነጻጽሩ ለመጨመር ይገደዳል። ይህ ጭማሪ ለእኛ ባይሸጡም ኪሳቸው ይገባል፤ በዚህ እኮራለሁ። ከዚያ ተቋም ጋር የነበረንን ውል አላደስንም።