ሳልጠይቅ የከፈልኩ ቀን

ጎልፍ ያስተማሩኝ አብረውኝ ፓርኪንግ የሚሠሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ሰመሩን ሙሉ ከሥራ ስንወጣ በባልዲ ኳስ እየገዙ መለማመጃው ላይ ሲያስመቱኝ ከረሙ። አንድ ቀን እንኳ አላስከፈሉኝም። ስለዚህ ጳጉሜ ሲገባ፣ የእንቁጣጣሽ ስጦታ ይሁነኝ ብዬ፣ «ቅዳሜ እኔ ልጋብዝዎት፤ 18ቱንም ጉድጓድ እንጫወት» አልኳቸው።

ሜሪላንድ ውስጥ የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ ሞልቷል። አባል ሁን የሚልህ የለም፤ የከፈለ ይገባል። እኔም በስልኬ ለሁለት ሰው፣ ሜዳው ውስጥ ከምትነዳው ትንሽ መኪና ከካርቷ ጋር፣ 128 ዶላር ከፈልኩ። የደረሰን ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር፣ ጠዋት 3:20 ነው። ፎቶው ላይ ሣሩ ምንጣፍ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ምንም አላየሁም።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ጋሼ በ3፣ እኔ በ5 ምት ግሪኑ ጫፍ ደረስን። ግሪን ማለት ጉድጓዱ ያለበት፣ ሣሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ እስኪቀረው የሚላጭ ቦታ ነው። ኳስ እዚያ ላይ ትንከባለላለች እንጂ አትዘልም። ቀና ብዬ ሳይ ግሪኑ እንዳለ ተበሳስቷል። ወንፊት በሉት። ትንሽ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ፣ በየሦስት ጣቱ፣ ከዳር እስከ ዳር። ከላይ አሸዋ ተነስንሶበታል።

«ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?»

«አየር እያስገቡለት ነዋ! ሳትጠይቅ ነው የከፈልከው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አፈሩ በሰው እግርና በማጨጃ ማሽን ሲረገጥ ይጠቀጠቃል፤ ሥሩ አየርና ውኃ ያጣል። ስለዚህ በዓመት አንዴ ሁለቴ በማሽን እየበሱ አፈር ያወጡና አሸዋ ይሞሉበታል። በኛ አካባቢ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር፣ ሣሩ ቶሎ ስለሚያገግም ያኔ ይሠሩታል። ሥራው ትክክል ነው፤ አልከራከርም። ግን ለሁለት ሦስት ሳምንት ግሪኑ ግሪን አይደለም። በነዚያ ሳምንታት ዋጋ የሚቀንሱ ሜዳዎች አሉ። የኛው ሙሉውን ነው የተቀበለን።

ጋሼ ከሁለት ሜትር ርቀት ቀስ አድርገው ነኳት። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ቀዳዳ ላይ ነጠር አለች፤ ጠጅ እንደጠጣ ሰው ወደ ግራ ተንገዳገደችና የጉድጓዱን ከንፈር ታክካ አለፈች። የጉድጓዱ ስፋት 10.8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ምሕረት አያውቅም። ጋሼ ኳሷን አነሷትና የተጣበቀባትን አሸዋ በአውራ ጣታቸው ጠረጉ። ምንም አላሉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሩር ስንመታ ያደግን ሰዎች ነን፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ግን ገና 128 ዶላር አያስከፍልም።

አራተኛው ላይ ደግሞ ሰልፍ ጠበቀን። በየ8 ደቂቃው አራት አራት ሰው ይለቃሉ። ግሪኑ በአንድ ምት በሚደረስበት አጭር ጉድጓድ ላይ ግን ፊት ያሉት ግሪኑን ለቀው እስኪወጡ የኋላው መምታት አይችልም፤ ያ ደግሞ ከ8 ደቂቃ ይበልጣል። ስለዚህ ሰልፉ በጠዋት ይጀምርና እየረዘመ ይሄዳል። 3:20 የገባ ሰው የሁሉንም መዘግየት ይወርሳል። 9 ጉድጓድ ብቻ 3 ሰዓት ፈጀብን። 11ኛው ላይ ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ። 9 ሰዓት ሥራ ይገቡ ነበር። ጥለን ወጣን።

ቢሮ ገብቼ «ትንሽ እንኳ መልሱልኝ» ስለው ልጁ ከካሽ ማሽኑ ጎን ወደተለጠፈች፣ ግሪኑ መበሳቱን ወደምትናገር ወረቀት ጠቆመኝ። መዳፌን አታክልም። ከስልኩ ለከፈለ ሰው ማን ያሳየዋል? ዝናብ ቢያስቆማችሁ ኖሮ የሌላ ቀን ኩፖን እሰጣችሁ ነበር አለኝ። ሰማዩ ጥርት ብሏል።

አሁን ሳልደውል አልከፍልም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ግሪኑን መቼ በሳችሁት? የቀኑ የመጀመሪያ ሰዓት ተይዟል ወይ? ስልክ የምታነሳው ልጅ በግማሽ ደቂቃ ትመልስልኛለች። በማለዳ መግባት ብርድ አለው፤ ጤዛው ካልሲ ድረስ ያረጥባል። ግን ፊትህ ማንም የለም።

ጥቅምት ላይ እዚያው ሜዳ ደወልኩ። የግሪኑ ቀዳዳ ገጥሟል አለችኝ። ጠዋት 1:20 ያዝኩና ወዲያው ለጋሼ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ቅዳሜ…»

«ጠየቅክ?»