እኩል ይሁን፣ እኩል አይሁን

ዛሬ ሰው ማናገር አላሰኘኝም። የሆነ ነገር ተፈጥሮ አይደለም፤ እንዲሁ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ዋለ። እንዲህ ስሆን የት እንደምገኝ ታውቃላችሁ። ባይፕሌኗ፣ ያቺ በሪሞት የማበራት ባለ ድርብ ክንፍ ሞዴል አውሮፕላን፣ ጠረጴዛው ላይ ናት።

የቀራት የኤለሮኖቹ ነገር ነው፤ ከክንፎቹ የኋላ ጠርዝ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እየታጠፉ አውሮፕላኗን የሚያጋድሉት ክፍሎች ማለቴ ነው። የሚያንቀሳቅሷቸው ትንንሽ ሞተሮች፣ ሰርቮዎቹ፣ ያሉት የታችኛው ክንፍ ውስጥ ነው። የታችኛውን ኤለሮን ሰርቮው ያዘዋል፤ የላይኛው በቀጭን ዘንግ ከታችኛው ጋር ተያይዞ አብሮ ይሄዳል። ሲያወሩት ቀላል ነው። የላይኛው ክንፍ ቀደም ብሎ ስለተቀመጠ ዘንጓ ወደ ፊት ታጋድላለች፤ ማጋደሏ ግን ምንም አይደል። ጣጣው ያለው ሆርኖቹ፣ ማለትም ዘንጓ የምትያያዝባቸው ከኤለሮኖቹ ወጣ ያሉ ትንንሽ ክንዶች፣ ላይ ነው። ከማጠፊያው እስከ ሆርኑ ቀዳዳ ያለው ርቀት ከላይም ከታችም አንድ መሆን አለበት፤ አቅጣጫውም እንደዚያው። ዘንጓ ደግሞ በሁለቱ ማጠፊያዎች መካከል ያለውን ርቀት ታክላለች። ያኔ የታችኛው 20 ዲግሪ ሲነሳ የላይኛውም 20 ይነሳል። አንዱ ሆርን ዘመም ካለ ግን ሁለቱ ኤለሮኖች በየፊናቸው ናቸው።

እናም የዘንጓን የኳስ መጋጠሚያ ከሆርኑ ነቅዬ ጫፏን ግማሽ ዙር አዞራለሁ፤ ቀጭ አድርጌ እመልሳታለሁ፤ ጎንበስ ብዬ የኋላ ጠርዙን አያለሁ። 2 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የብሎን ጥርስ ግማሽ ዙር ማለት የ0.2 ሚሊሜትር ለውጥ ነው። አሁንም ትንሽ ከፍ ብሏል። እንደገና ነቅዬ ግማሽ ዙር።

መሀል ላይ አንድ ነገር አሳቀኝ። ላይና ታቹን እኩል ለማድረግ እንዲህ እለፋለሁ፤ ግራና ቀኙን ደግሞ ሆን ብዬ አበላልጣለሁ። ወደ ታች የሚወርደውን ኤለሮን አየሩ ይበልጥ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ሁለቱን ጎኖች እኩል ካንቀሳቀስኳቸው ወደ ግራ ላጋድላት ስል አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ይሸሻል። ስለዚህ የሚነሳው ብዙ ይነሳል፣ የሚወርደው ጥቂት ይወርዳል። አውሮፕላኗ ቀጥ ብላ እንድትታጠፍ አድልዎ ያስፈልጋታል። ይህን ለሰው ብናገረው ምን ይሉኛል?

ወንድሜ «አራት ሰርቮ ገጥመህ አትገላገልም?» ይለኛል። ክብደት ነው፣ ሽቦ ነው እያልኩ እመልስለታለሁ። እውነቱን ለመናገር ዘንጓ በሁለቱ ክንፎች መካከል ቆማ ሳያት ደስ ስለሚለኝ ነው። እሱን ግን አልነግረውም።

ደግሞ የድሮዎቹስ? እ.ኤ.አ. በ1917 ግንባር የገባው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ሶፕዊዝ ካሜል አራት ኤለሮን ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1931 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ማሠልጠኛ አውሮፕላን ታይገር ሞዝ ግን የታችኛው ክንፍ ላይ ብቻ ነው ያለው። አድልዎውም ለጉድ ነው፤ የሚወርደው ኤለሮን እምብዛም አይወርድም። ለመንከባለል ዘገምተኛ ነው ይሉታል። ይሁና! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስንቱ አብራሪ የተማረው በእሱ ነው። ላይኛው ክንፍ ላይ ምንም ሳይኖረው።

የኔን አበራረር ደግሞ ታውቁታላችሁ። መነሳት፣ ሰፊ ክብ፣ ሌላ ሰፊ ክብ፣ ማረፍ። አንዴም ገልብጫት አላውቅም፤ ለመገልበጥም ሐሳቡ የለኝም። ታዲያ የላይኞቹ ኤለሮኖች ለማን ናቸው? በጠብታ ማጣበቂያ ክንፉ ላይ ዝም ባሰኛቸውስ? ዘንጓን ለጌጥ ብተዋት እንዳልል ታችኛውንም ይዛ ታስቀረዋለች። መውጣቷ ነው እንግዲህ። እሷ ከወጣች ደግሞ ግማሽ ዙር፣ ግማሽ ዙር ስል ያመሸሁት ለምን ነበር?